ካርድህ እኔ ነኝ

ዶክተሩ መሄዱን የሰማሁት በወንበር ሰበብ ነው። ከክሊኒኩ ካርድ ክፍል ተደወለልኝና፣ አዲሷ ሐኪም ቁመቷ አጠር ያለ ስለሆነ የዶክተሩ ወንበር እግሯን አንጠልጥሎ አስቸግሯታል፣ መጥተህ ዝቅ አድርግልን ተባልኩ። የቷ አዲሷ ሐኪም አልኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ፣ ሰዉን ሁሉ ቀስ ብላችሁ አውሩ እያለች ስለምትቆጣ እኔና ባለቤቴ «ዝምታ» የምንላት፣ አለማወቄ ገረማት። ዶክተሩ ጡረታ ወጥቷል፤ ሽኝት ተደርጎለታል፤ በሽተኞቹን አንድ በአንድ እያስጠራ ለአዲሷ ሐኪም አስረክቧል፤ ያለቀሱም ነበሩ። አንተን ግን ለሽኝቱ ማን እንደረሳህ እንጃ፣ ለነገሩ ምን ቸገረህ፣ ሥራህ እንደሆነ አይቋረጥም አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ከፊቴ ያለው ሶፋ ላይ ዘፍ አልኩ። የሰው ሶፋ ነው፣ ስፖንጁ ገና አልገባለትም፣ ሞላው ታፋዬን ወጋኝ። እኔ ሶፋና ወንበር አልባሽ ነኝ። ያ ሳምንት ደግሞ መርፌ የምወጋበት ሳምንት ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ዶክተሩን ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ታገሡኝ። ወጣት ሳለሁ ጆሮ ደግፍ ያዘኝ። ሌላውን ሰው በልጅነቱ ይዞ የሚለቀው በሽታ እኔን ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር አገኘኝና ከጉንጬ ወደ ታች ወረደ። ከአልጋ ስነሣ ወንድ የሚያደርገኝ ነገር አብሮኝ አልተነሣም፤ ዝርዝሩን እናንተው ጨርሱት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚበርደው፣ ያለ ምክንያት ሆዱ የሚባባ ሰው ሆንኩ። ቆዳ ስቤ ወንበር ላይ መወጠር አቃተኝ፤ አለቃዬም ሰነፍ ነህ ብሎ ሊያባርረኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

በሽታዬን ያገኘልኝ ያኔ ራሱ ጀማሪ የነበረው ዶክተር ነው። ቴስቶስትሮን የሚሉትን የወንድ ሆርሞን ሰውነትህ መሥራት አቁሟል፣ በመርፌ ይሰጥሃል፣ ዕድሜ ልክህን ነው አለኝ። መርፌው ከሞት አስነሣኝ ብል አላጋነንኩም። ጢሜ ወጣ፣ ክንዴ በረታ፣ እንደ ሰው መሳቅና መቆጣት ጀመርኩ። ያገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ልጅ እንደማንወልድ ጭምር ሁሉንም ነግሬያት፣ እያወቀች ነው የገባችው።

ችግሬ መርፌው ሳይሆን መጠበቂያ ክፍሉ ነበር። እዚያ አግዳሚ ላይ የማይቀመጥ የሰፈር ሰው የለም፤ ሁሉም ምነው፣ ምን ነካህ፣ ምንህን ነው ይላል። ዶክተሩ በጋዜጣ ፊቴን ሸፍኜ ስቀመጥ አይቶ ሳቀብኝና አንድ መላ አመጣ። የመሣሪያ ቦርሳህን ይዘህ ና፣ ወንበር ልትጠግን የመጣህ ይመስላቸዋል አለኝ። ካርዱስ ብዬ ጠየቅሁት።

«ካርድ ምን ያደርግልሃል?» አለ ደረቱን መታ መታ እያደረገ። «ካርድህ እኔ ነኝ።»

እንዲህ ሆነን ዓመታት አለፉ። ቦርሳዬን አንግቼ፣ በተራ ጠባቂዎቹ መካከል ደህና ዋላችሁ እያልኩ በኩራት አልፋለሁ። ዶክተሩ በሩን ይቆልፍና ይወጋኛል። ከዚያ ውጪ ያሉት እንዲሰሙ መዶሻዬን አውጥቼ የሆነ ነገር አንኳኳለሁ። መጀመሪያ የውሸት ነበር፤ ኋላ ግን መዶሻ ይዞ ዝም ብሎ ማንኳኳት የሚያሳፍር ነገር ሆኖብኝ የምር እጠግን ጀመር። ቀስ በቀስ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ እኔ ያላለበስኩት መቀመጫ ጠፋ። ለምርመራው አልጋ ጥቁር ሌዘር፣ ለመጠበቂያው አግዳሚ ቡናማ፣ ሁሉም በነፃ። ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም። እንደ ሌባ ቦርሳ ተከልለህ እስከ መቼ ትታከማለህ፣ እንደ ሰው ካርድ አውጣ እያለች ትነዘንዘኛለች። ዶክተሩን አታውቂውም ብዬ እጮኽባታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማምነው።

አዲሷ ሐኪም የእህቴ ልጅ የምታክል፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነች። ተንበርክኬ ወንበሩን ዝቅ ሳደርግላት ቆየሁና፣ ፊቷን አይቼ መናገር ስለማልችል ጉዴን ሁሉ ለወንበሩ ጎማ ተናገርኩ። አልሳቀችም። አልጋው ላይ አውጥታ መረመረችኝ፣ ብዙ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እጇን ታጥባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የማየው ነገር በጆሮ ደግፍ ሊመጣ ይችላል፣ ግን በራሱ በመርፌውም ሊመጣ ይችላል አለችኝ። ጡንቻ ለማሳበጥ ብለው ጂም ቤት ውስጥ የሚወጉት ሰዎችም እንዲሁ ይሆናሉ፤ መርፌው ሰውነት ውስጥ እስካለ ድረስ ደም ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። እኔ ጂም ቤት! ሆዴን አይታ እንኳ አልራራችልኝም። ቢሆንም ልቤ አልደነገጠም፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ቃሏ የነበረው ያከመዎት ሐኪም ካረጋገጠልኝ ዛሬውኑ እወጋዎታለሁ የሚል ነው።

«ይደውሉለት» አልኳት፣ በኩራት።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰላምታ ተለዋወጡ። ወንበር የሚሠሩት ሰውዬ ቴስቶስትሮን ሲሰጧቸው እንደኖሩ ይናገራሉ፣ እውነት ነው ወይ አለችው። አጠገቧ መሆኔን አልነገረችውም፤ ተንኮል አስባ አይመስለኝም፣ አልመጣላትም። ያ የማውቀው ጉሮሮውን የመጥረግ ድምፅ ተሰማ።

«አዎ፣ አውቀዋለሁ። ወንበሮቻችንን የሚጠግንልን ሰው ነው፣ በጣም ደግ ሰው። ታካሚዬ ግን አልነበረም።» ቀጠለና፣ «ያንን መርፌ አንዳንዴ ይጠይቀኝ ነበር። እምቢ ብዬዋለሁ» አለ።

ታካሚዬ አልነበረም ማለቱን ፍርሃት ነው ብዬ ልውጠው እችል ነበር። እምቢ ብዬዋለሁ ማለቱን ግን ምን ልበለው? ያን ከየት አመጣው? ሐኪሟ ስልኩን ዘግታ እኔን አየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች። እሱን አመነች። መዶሻ ጨብጦ ወለል ላይ ከተንበረከከ ሰውና ከዶክተሩ ማንን ታምን? ያም ሆኖ አላባረረችኝም። የሚሉት እውነት ከሆነ አንድ መንገድ አለ አለችኝ። መርፌውን ለወራት ማቆም ነው። የእርስዎ ሰውነት በመርፌ ምክንያት ተኝቶ ከሆነ ቀስ ብሎ ይነቃል፤ በጆሮ ደግፍ የሞተ ከሆነ ግን አይነቃም፣ ያኔ ደምዎ ራሱ ይመሰክርልዎታል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አላልኩህም ወይ ትለኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መውጫ ጫማዋን አደረገችና ቤቱን ታውቀዋለህ አይደል ተነሥ አለችኝ።

ዶክተሩን ያገኘነው ልጁን የዳረ ጊዜ በስጦታ የሠራሁለት ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እጆቹን ያሳረፈበትን ሌዘር እኔ ነኝ በጥርሴ ጭምር ስቤ የወጠርኩት። እንዳየን ነገሩ ገባው፤ ተቀመጡ እንኳ ሳይል መናገር ጀመረ። ካርድ የለህም፣ መድኃኒቱን ከየት አምጥቼ እንደሰጠሁህ የተጻፈ የለም፣ አሁን ይህ ቢታወቅ በስተርጅና ስሜ ይጠፋል አለ። ስሜ፣ ስሜ፣ ስሜ። የኔን ስም አንድ ጊዜም አልጠራም። ብዙ አልለመንኩትም፤ ለአዲሷ ሐኪም ብቻ እውነቱን ይንገሯት፣ ሌላ ማንም አይስማ አልኩት። አይሆንም አለ።

«ካርድህ እኔ ነኝ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ያኔ ላንተው ብዬ ነው» አለና ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ሲመለስ እጁ ውስጥ ትንንሽ የመርፌ ጠርሙሶች ነበሩ። እነዚህን ለጊዜው ውሰድ፣ ሲያልቁ በጓሮ በር ብቅ በልና እናያለን አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሰውነቴ ውሰድ ውሰድ አለኝ። ቀኔ አልፎ ነበር፤ ድካሙ ጉልበቴ ላይ መጥቶ ተቀምጧል፤ ያቺ በወጣትነቴ የማውቃት ብርድ ጣቶቼን ጀምራቸዋለች። ከወሰድኩ ነገ እነሣለሁ። ከወሰድኩ ግን ደሜ መቼም አይመሰክርልኝም፣ እስክሞት በዚህ ሰውዬ ጓሮ በር እመላለሳለሁ፣ እሱ ቀድሞኝ ቢሞትስ? ባለቤቴን አየኋት። እስትንፋሷን ይዛ ነበር። ጠርሙሶቹን የወንበሩ ክንድ ላይ ደርድሬለት ወጣን። እጄ አመድ አፋሽ መሆኑን መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት፤ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፣ በሆርሞን ማነስ አይደለም።

የቀጠሉትን ወራት አልተርካቸውም፣ ግማሹን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ለሳሙና ማስታወቂያ እንባ የሚያፈስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ቆዳውን ባለቤቴ ግድግዳው ላይ እግሯን አስደግፋ ትስበዋለች፣ እኔ ሚስማሩን እመታለሁ፣ እሱንም ስቼ ጣቴን እቀጠቅጣለሁ። ደንበኞች የሶፋው ጠርዝ ተጨማደደ ብለው ሲወቅሱኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ። የሰፈሩ ሰው የሚፈራው ቁጣዬ እንኳ ጥሎኝ ሄደ። አንዳንድ ማለዳ ስነቃ ዶክተሩ እውነቱን ተናግሮ ይሆን፣ ዛሬ ይደወልልኝ ይሆን እላለሁ፤ አልተደወለም።

የቀጠሮው ቀን ያለ ቦርሳ ሄድኩ፣ ከባለቤቴ ጋር። ዝምታ እጄን አይታ ዕቃህን የት ጣልከው አለችኝ። ዛሬ ታምሜ ነው የመጣሁት፣ ካርድ አውጪልኝ አልኳት። ለአንድ ጊዜ ራሷ ዝም አለች። ደሜን ሰጥቼ አግዳሚው ላይ፣ እኔው ባለበስኩት ቡናማ ሌዘር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጎረቤታችን ምነው ጋሼ፣ ምንህን ነው አለኝ። ሆርሞን አልኩት። እህ አለና የራሱን የጉልበት ሕመም ያወራኝ ጀመር። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ አልተቀመጠችም። ደምዎ መስክሯል፣ እውነትዎን ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ራሷ ወጋችኝ። ከዚያ ዝቅ ያደረግሁላት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯ ወለሉን ረግጦ፣ ካርዴን ከፈተችና ትሞላ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ከዚህ በፊት የሚከታተልዎት ሐኪም ማን ነበር?»

ማን እንደነበር ታውቃለች። አሁን ብናገር ታምነኛለች፣ ትጽፈዋለች፣ የተጻፈ ነገር ደግሞ የሚሄድበትን ይሄዳል። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤ ተናገር ትበል ተው ትበል አላወቅሁም።

«አልነበረኝም ብለሽ ጻፊ፣ ልጄ» አልኳት።

እርግጠኛ ነዎት ወይ አለችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ለእሱ የማዝንበት ነገር አልቆብኛል። ታካሚዬ አልነበረም ያለውን ስንት ማታ አገላብጬ አይቼዋለሁ፣ ለካ እውነቱን ነው፤ ሐኪም ሲሄድ ታካሚውን ለሌላ ሐኪም ያስረክባል፣ እኔን ያስረከበኝ ከወንበሮቹ ጋር ነው።