ዜሮ ላይ የቆመው ማራገቢያ

በወደብ ከተማዋ በፑየርቶ አልሚሮን የሟቾች ስም በሬዲዮ የሚነበበው ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያኔ ስቱዲዮው ውስጥ የሚጮህ ነገር ሁሉ ይዘጋል። ኤሲው ይጠፋል፣ የጣሪያው ማራገቢያ ይቆማል፣ የስም አንባቢው ዶን ኤሊሂዮ ቴሬሬ የተባለውን ቀዝቃዛ ሻይ የሚጠጡበት ቴርሞስ እንኳ በረዶው እንዳይንኳኳ ከበር ውጭ ይቀመጣል። አድማጩም ደንብ አለው። ስም ሲጠራ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ዶን ኤሊሂዮ «ነፍስ ይማር፣ ወደ ሥራችን» እስኪሉ ድረስ ካለበት አይነቃነቅም።

ለዓመታት ዝም ያላለው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነበር። ስርጭቱ በኮምፒውተሩ በኩል ስለሚያልፍ ማጥፋት አይቻልም። ከታይዋን ተምራ የተመለሰችው ሱኒልዳ ክሪስታልዶ ጣቢያው ስትቀጠር የመጀመሪያ ሥራዋ ይህ ሆነ። የማሽኑን ሙቀትና የማራገቢያውን ፍጥነት የሚከታተል ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጫነች። ድራይቨሩ ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ይከፍታል። አንደኛው ላይ አንድ ቁጥር ሲጻፍ ማራገቢያው ከማሽኑ ቁጥጥር ወጥቶ በሰው እጅ ይገባል። ሁለተኛው ላይ ከዜሮ እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት የተጻፈው ፍጥነቱ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ሙቀቱን ያሳያል እንጂ ጣልቃ አይገባም። ሱኒልዳ ሰባ ትጽፋለች፤ ጩኸቱ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ንባቡ ሲያበቃ ለማሽኑ ትመልሰዋለች። የሟቾቹ ቁጥር በየቀኑ ስለሚለያይ ሁልጊዜ የምታደርገው በእጇ ነው።

«አምስት ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ የተማርሽው ማራገቢያ ዝም ማሰኘት ነው?» ብለዋት ነበር ዶን ኤሊሂዮ። ራሷም አልፎ አልፎ የምትጠይቀው ጥያቄ ስለነበር አልሳቀችም።

ያን የጥር ማክሰኞ የሚነበቡት ስሞች አራት ነበሩ። አራተኛው የአባቷ ነው።

ዶን አናስታሲዮ ጎህ ሲቀድ አረፉ። በዚያ ሙቀት ሬሳ ስለማያድር ቀብሩ በዚያው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሆነ። ወንድሟ ዊልፍሪዶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ስልክ በማይሰራበት የከብት እርባታ ነው የሚሠራው። ያለው ባለባትሪ ሬዲዮ ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ የሚከፍተውም ለስሞቹ ንባብ ብቻ። ወተት የሚጭነው መኪና በእርባታው በር የሚያልፈው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እሱ ካመለጠው እስከ ማግስቱ ሌላ የለም። ጠዋት ይህን ለዘመድ ስታስረዳ ስለ ሌላ ሰው ቤት የምታወራ መሰላት። ፊቷን ታጥባ ሥራ ገባች።

ዶን ኤሊሂዮ ቤት መዋል እንዳለባት ነገሯት። ቤት ምን እንደምትሠራ ጠየቀቻቸው። ራሷ ማንበብ ትፈልግ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ዊልፍሪዶ «እንደ ቻይና ሰው ነው የምታወሪው» ስለሚላት እሳቸው እንዲያነቡ ለመነች። የጣቢያው ቤተሰብ ስም መጨረሻ ነው የሚነበበው፤ ቤተኛ እንግዳን ያስቀድማል።

ሰባ ጻፈች። ሦስቱ ስሞች አለፉ። አራተኛው ሊነበብ ሲል ያ ሹክሹክታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልቶ ተሰማት። ከአባቷ ስም ሥር እንዲኖር አልፈለገችም። ሰባውን አጥፍታ ዜሮ ጻፈች። ማራገቢያው ቆመ። ዶን ኤሊሂዮ ቀና ብለው አዩአትና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ስማቸውን፣ የአባትና የእናታቸውን ስም፣ በወደቡ ሚዛን ላይ ያገለገሉበትን ሰላሳ ዓመት፣ የክርስትና ልጆቻቸውን አንድ በአንድ። የማሽኑ ሙቀት ሰማንያ አንድ አለ። ዘጠና አለ። ዘጠና ሰባት አለ። መቶ አምስት ሲሞላ ማሽኑ ራሱን እንደሚያጠፋ ታውቃለች። እጇ ቁልፎቹ ላይ ነበር። ቁጥሩን ወደማትሄድበት መንደር የሚሄድ አውቶብስ እንደሚታይ አየችው።

ስክሪኑ ጠቆረ። የስርጭቱ ቀይ መብራት ጠፋ።

ዶን ኤሊሂዮ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ስለነበር አላዩም። ለዊልፍሪዶ «በወተቱ መኪና ድረስ» ብለው፣ የቀብሩን ሰዓት ጠርተው፣ ነፍስ ይማር ብለው ጨረሱ። ሱኒልዳ አላቋረጠቻቸውም።

«ሰምቶ ይሆን?» አሉ።

«ማሽኑ ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«ዊልፍሪዶን ከመጥራትዎ በፊት።»

አልተቆጡም። «አብሪው እንጂ፣ ልጄ» አሉ ብቻ።

ግሎ ስለነበር ሁለት ጊዜ በርቶ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ሲነሣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል። ዶን ኤሊሂዮ ከጩኸቱ በላይ ሁሉንም እንደገና አነበቡት።

ቀብር ላይ ሴቶቹ እያቀፏት ለአባቷ ስላስደረገችው ዝምታ አመሰገኗት። «ሃያ ሁለት ደቂቃ ለጳጳስም አልተደረገም፣ ባሌ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሊወድቅ ነበር» አለች አንዷ። ብልሽት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሱኒልዳ ለሁሉም «እሺ» አለች።

ዊልፍሪዶ የደረሰው ረቡዕ በወተቱ መኪና ነው። ሲገባ የበቆሎና የአይብ ዳቦ ቆረሰችለት።

«የአባዬን ስም ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም» አለ። «ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። መኪናው መጣ፤ ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋልኝ። ዶን ኤሊሂዮ ወደ ሥራችን ሳይሉ እንዴት ልነቃነቅ? በአባቴ ስም?»

«ትክክል ነህ።»

«ዝምታውን ያሰብሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

ልትነግረው የምትችልበት ጊዜ መጣ፤ ቆየና አለፈ።

«እኔ ነኝ።»

«አምሮ ነበር» አለና አኘከ። «በኔ ፋንታ ማን ተሸከመ?»

«ፀጉር አስተካካዩ።»

«ያ አጭሩ?»

«እሱ።»

«ሳጥኑ አዘንብሎ ነበራ።»

«ትንሽ» አለችው።

ራሱን ነቀነቀና ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ። ሌላ ቆረሰችለት።