የተረተርኩት ሹራብ

እሸቴ ሲያነብ ድቁናው ይመጣበታል። የነጋዴ ታሪክ እያነበበ እንኳ ድምፁ ሳያውቀው ወደ ዜማ ያዘነብላል። እኔም «ኧረ ተው፣ ሰውዬው ገና አልሞተም፣ ፍትሐቱን ምን አመጣው» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ሹራቤን እሠራለሁ። የሠራተኛ ሰፈር ሰው ሲመሽ ጠጅ ቤት ይገባል፤ እኛ ፋኖሳችንን አብርተን እሱ ያነባል፣ እኔ መርፌዬን አጋጫለሁ። ልጅ አልሰጠንም፣ ይኼን ሰጥቶናል።

ማንበቡን ለሱ የተውኩት ፊደል ጠፍቶኝ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳይ ስለምውል ዓይኔ ይደክማል። የምሠራው ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ከማተሚያ መኪናው የወጣውን ወረቀት አጥፋለሁ፣ እደለድላለሁ፣ በመርፌ እሰፋለሁ፣ ደግሞ አጥፋለሁ። አለቃችን አቶ አጽብሐ ደግ ሰው ናቸው፣ ሥራ ሲበዛ ግን ደግነታቸውን ቤታቸው ትተውት ይመጣሉ። ዘንድሮ ክረምት ደግሞ ሥራው ቀና አያሰኝም። ሰማዩን የማየው ስገባና ስወጣ ብቻ ነው።

ቀለም የፈሰሰበት ወይም ተገልብጦ የታተመ ወረቀት ሲኖር አቶ አጽብሐን ለምኜ ወደ ቤት እወስዳለሁ። መጽሐፍ ገዝተን አናውቅም፤ እኛ የምናነበው የተበላሸውን ነው። ስለዚህ ታሪኩ አንዳንዴ መካከሉ ይጎድላል፣ አንዳንዴ ጫፉ። የዘንድሮው ከሐረር ተነሥቶ በረሃ ላይ መንገድ ስለጠፋው ነጋዴ ነበር። ውሃው አልቋል፣ ግመሉ ሞቷል፣ ሚስቱ ቤት ሆና ትጠብቃለች። የመጨረሻው ወረቀት ገና አልታተመም። እሸቴ ሁልጊዜ፣ ሰውዬው ቤቱ ይገባ ይሆን እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ አጣፊ እንጂ ደራሲ አይደለሁም ብለው አይሰማም።

እሸቴ ጋሪ ነጂ ነው። ከለገሃር አራዳ ሰውና ጓዝ ያመላልሳል። ማልዶ ይወጣል፣ ዝናቡን በደረቱ ይቀበላል፣ ሲገባ ከንፈሩ ጠቁሮ ነው። አምና ክረምት ደረቱን ታሞ ልቀብረው ነበር። ያን ጊዜ ነው ለከርሞ ሹራብ ሳላለብሰው ክረምት አይገባም ብዬ የማልኩት። አሠራሩን አንዲት አርመን ሴትዮ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። ክሩ ነው የቸገረኝ። ሱቅ የተደረደረው የሱፍ ክር ለኔ ቢጤ አይደለም፣ ዋጋውን ጠይቆ መመለስም ነውር ነው።

ይኼንን ስነጫነጭ ሰዓዳ ሰማችኝ። ሰዓዳ የወሎ ልጅ፣ የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ጨው ሲያልቅብኝ ከሷ፣ እሳት ሲጠፋባት ከኔ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቡናማ ሹራብ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። ክርኑ አልቋል፣ ደረቱ ተበስቷል፣ ሱፉ ግን የውጭ አገር፣ ወፍራም ነው። ለሙሄ አይሆነውም፣ ተርትረሽ ለባልሽ ሥሪው አለችኝ። ሙሄ ባሏ ነው፤ ከቁመቱ የተነሣ በር ሁሉ ያስጎነብሰዋል። ከገበያ ገዝቶት የጠበበው መሰለኝና መርቄ ተቀበልኳት። ሹራብ ተሰጥቶት ነገር የሚፈትል ማን አለ?

የሹራብ መተርተር ሥራ ትዕግሥት ነው። ስፌቱ ይፈታል፣ የክሩ ጫፍ ይገኛል፣ ከዚያ ጭን ላይ አድርጎ መሳብ ነው። አሮጌ ሱፍ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ አንዳንዱ ቋጠሮ በጥርስ ካልሆነ አይለቅም። ሁለት ምሽት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ተረተርኩት፤ እሸቴ ነጋዴውን ከአንዱ አሸዋ ወደ ሌላው ያዞረዋል፣ እኔ እስባለሁ። የተተረተረ ክር ስለሚንጨባረር እንዲቃና ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ድንጋይ ታስሮበት ይሰቀላል። ትልቁን ድስት ጥጄ ዘፈዘፍኩት። ሲደርቅ ጀመርኩና ሳምንት አለፍ ብሎ ጨረስኩት። እሸቴ ለብሶት ፈረሱ እንኳ ጌታ መስዬው አላወቀኝም አለ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስታዬ ቦታ ጠፋለት።

ከለበሰው ሦስት ቀን እንኳ አልሞላውም። አንድ ጧት አቶ አጽብሐ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቁም አሉ። ለከተማው ሁሉ የሚታደል የጤና ማስታወቂያ መጥቷል። ደጋግሜ ሳጥፈው ሳልፈልግ አነበብኩት። ከተማው ውስጥ ተስቦ ገብቷል ይላል። በሽታው የሚተላለፈው በቅማል ነው፣ ቅማሉም የታመመ ሰው ልብስ ስፌት ውስጥ ይደበቃል፣ የማታውቁትን ሰው ልብስ ሳትቀቅሉ እንዳትነኩ ይላል። በሽታው የያዘው ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳይሰማው ይቆይና በራስ ምታትና በብርድ ብርድ ማለት ይጀምረዋል ይላል። እጄ ወረቀቱ ላይ ቀረ። አቶ አጽብሐ «የሺዓለም፣ እጠፊ እንጂ» ባይሉኝ እዚያው እንደ ደረቅሁ እውል ነበር። ቡናማውን ሹራብ ከእሸቴ በፊት ማን ነበር የለበሰው?

ከሥራ እንደወጣሁ ዝናቡን ሳልጠብቅ ሰዓዳ ዘንድ ሮጥኩ። ጎመን ትቀነጥሳለች። የሹራቡን ባለቤት ስጠይቃት ምን ነካሽ በሚል ዓይን አየችኝ።

«የዚያ የሞተው የመናዊ ነጋዴ ነዋ፣ አላህ ይዘንለት። በሰጠሁሽ ዋዜማ ሙሄ አይደል ያጠበው?»

ሙሄ ሬሳ አጣቢ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። በነሱ ዘንድ የሟች ልብስ ላጠበው ሰው እንደሚሰጥ ግን አላውቅም ነበር። በኛ ልብሱ የሚሄደው ለንስሐ አባት ነው። ሰዓዳ ከሙሄ እጅ የወጣ ልብስ የማን እንደሆነ መቼም አይጠፋትም ብላ ሰጠችኝ፤ እኔ ከገበያ ነው ብዬ ተቀበልኩ። የቱን ኃጢአት በማን ላይ ልጫን? በምን ሞተ ብዬ ጠየቅኳት። ትኩሳት ነው ይባላል አለች። ማስታወቂያውን ስነግራት ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

እሷ ሙሄ አጥቦ ሲገባ የለበሰውን ሁሉ በፈላ ውሃ የመንከር ልማድ አላት። ሹራቡንስ አፍልተሽዋል ወይ አለችኝ። ዘፍዝፌዋለሁ። ግን ፈልቶ ነበር? እንጨቱ እርጥብ ነበር፣ ጭሱ ዓይኔን አጥፍቶኝ ነበር። ውሃው ሲንተከተክ አይቻለሁ ወይስ እንፋሎቱን ብቻ ነው ያየሁት? ባስብ ባስብ ጠፋኝ።

ቤት ስገባ እሸቴ ሹራቡን ለብሶ ምድጃው ሥር ተቀምጧል። አስነጠሰው። ይማርህ አልኩት። ያኑርሽ አለኝ። ደግሞ አስነጠሰው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው አልኩ፣ ሆዴ ግን የሚፈጀው ራሴን ነበር። ሰፈሩ የሚያወራውን ሰምቻለሁ፤ ትኩሳት ያለበት ቤት ከተሰማ በሽተኛው ከከተማ ውጭ ወዳለ ድንኳን ይወሰዳል፣ የገባ እንጂ የወጣ አልታየም ይላሉ። እውነት ይሁን ውሸት ማን ሄዶ አየ? እሸቴ በሳለ ቁጥር በሩን እዘጋለሁ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ያለ ምክንያት ዕቃ አንኳኳለሁ። ግንባሩን በከንፈሬ ስነካው አንዴ ይሞቀኛል አንዴ ይቀዘቅዘኛል። ምን ነካሽ፣ ገና ሙሽራ ሆንሽ እንዴ ብሎ ያሾፋል፣ አንጀቴን ይበላዋል።

እሑድ ጋቢውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሹራቡን ወስጄ ድስት ውስጥ ከተትኩት። አሁን እያፈጠጥኩ፣ እየተንተከተከ። ሳወጣው እጅጌው ክርኑ ላይ የሚቆም፣ ለሕፃን የሚሆን ቁራጭ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። አርመኗ ሴትዮ ታስተምረኝ ነበር፤ ሱፍ የሚጠበው መጀመሪያ ሲፈላ ነው፣ አንዴ የፈላ ከዚያ በኋላ እንዲህ አይኮማተርም። ስለዚህ የዚያን ቀን ውሃዬ አልፈላም። ለብ ብሎ ነበር። ባሌን ያለበስኩት የሬሳውን ልብስ እንዳለ ነው።

እሸቴ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው እየተንቀጠቀጠ ነው። ሹራቡ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ያን ቢጠይቅማ ጤነኛ ነበር። ተኛ። ሰኞም ማክሰኞም ተኛ። እኔ ሥራ መቅረት አልችልም፣ ከቀረሁ ምን ሆነች ይሉና ይመጣሉ። ወረቀት አጥፋለሁ፣ ልቤ ቤት ነው። በር በተከፈተ ቁጥር የሚጠሩኝ ይመስለኛል። ጊዮርጊስ በር ላይ እየተሳለምኩ ከኔ ዕድሜ ቀንሰህ ስጠው፣ በሞትኩት አልኩ። አፌ ምን ያህል የማይታሰር እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ረቡዕ ስገባ እሸቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የትናንቱን ሽሮ ከድስቱ ይጠርጋል። አልቦታል፣ ፊቱ ተመልሷል። ጉንፋን ነበር። ገብስ የሚበላ ፈረስ አለኝ፣ ነገ እወጣለሁ፣ አንቺ ግን በቁሜ ቀብረሽኝ ነበር አለኝ። ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩና አለቀስኩ። ሴትዮዋ አበደች አለ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ ደስታዬን ለሰዓዳ ልነግር አጥሩ ጋ ሄድኩ። ሙሄ ነበር ደጁ ላይ የተቀመጠው። ሰዓዳ ጭንቀቴን ነግራዋለች መሰል፣ ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ልብሱ እጄ ከገባ እስከ ተለበሰ ምን ያህል እንደቆየ ጠየቀኝ። ከሳምንት በላይ አልኩት። ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ለባልሽ አትፍሪለት፣ እቱ። እኔ ከዚህ ነገር ጋር ስኖር ዘመኔ ነው። ቅማል ከሰው ገላ ከራቀ ሳምንት አይቆይም፣ ደርቆ ይሞታል። አደገኛው ትኩሱን የነካው ነው። ለዚህ ነው እኔ ቶሎ የምታጠበው።»

አላህ ያክብርህ አልኩት። ስቄ ተለየሁት። ከአጥሩ እስከ መንገዱ ድረስ ስቄ ነበር፣ ከዚያ እግሬ ቆመ። ትኩሱን የነካው ማን ነው? እሸቴ አይደለም። እሸቴ ያን ጊዜ ከፋኖሱ ማዶ ሆኖ ያነብ ነበር። ሁለት ምሽት ጭኔ ላይ። ቋጠሮውን በጥርሴ።

ከጧት ጀምሮ ራሴን ያመኝ ነበር። የሥራ ነው ብዬዋለሁ፣ የሰሞኑ እንቅልፍ ማጣት ነው ብዬዋለሁ። ማተሚያ ቤት ስደርስ የነጋዴው ታሪክ የመጨረሻ ወረቀት ከመኪናው እየወጣ ነው። አቶ አጽብሐ ሳልለምናቸው አንድ የተበላሸ መርጠው ሰጡኝ፣ ባልሽ እንዲጨርሰው አሉ። ሳላነበው አጥፌ ከወረቀቶቼ ጋር አሰርኩት። ከሰዓት በኋላ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ሌሎቹ ሴቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሠራሉ፣ ብርድ የለም። እኔ ነጠላዬን ደራርቤ እንኳ አልሞቅ አለኝ። ፈራሁ። ለእሸቴ ስፈራ ቢያንስ የምሠራው ነበረኝ።

ቤት ገብቼ ትልቁን ድስት ጣድኩ። እስኪንተከተክ ቆምኩለት። ቀሚሴን፣ ነጠላዬን፣ የተኛሁበትን ጋቢ ሁሉ ከተትኩ፣ አሮጌ ነገር ለብሼ ከእሸቴ ርቄ በሩ ጋ ተቀመጥኩ። እሸቴ ጋሪውን አስገብቶ ገባና ምን ሆነሽ ነው እንደ እንግዳ በር ላይ የተቀመጥሽው አለኝ። ተነሥቶ ሊመጣ ሲል እጄን ዘረጋሁበት።

«አትምጣብኝ። የሹራቡ ባለቤት በተስቦ ነው የሞተው። የተረተርኩት እኔ ነኝ፣ እሸቴ።»

ቆመ። ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። ቀስ ብሎ ገባው፣ ሲገባው አየሁት። ከፋኖሱ አጠገብ ተቀመጠ፣ እጁ የሚይዘው ነገር አጣ። ወረቀቶቹን በእግሬ ገፍቼ አደረስኩለት። የመጨረሻውን አገኘው። ይኼ መጨረሻው ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩት፣ ግን ዛሬ እንዳታነበው፣ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።

የመጨረሻውን ወረቀት ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ አስቀመጠው። ከሐረር መነሣቱን፣ ጭነቱን፣ ሚስቱ እስከ በር የሸኘችውን አነበበ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ሁለት እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እንቀጠቀጣለሁ። ጥቂት እንዳነበበ ድምፁ ተሰበረ፣ ሲጠገን ደግሞ ወደ ዜማው አዘነበለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ።

«ኧረ ተው እሸቴ» አልኩት፣ «ገና አልሞትኩም።»

አልሳቀም።