ለፊዚክስ የተላኩ ሽማግሎች

ፅዮን ምኑን አይታ፣ ምኑንስ ሰምታ ነው የሄደችው? አዜብ ይህን ራሷን የጠየቀችው ትክል ድንጋይ መናኸሪያ ጥግ ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ቆማ ነው። የልጅቱ አባት ከፊቷ ቆመዋል። እናቷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ታለከልካለች። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። መልሱን ግን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ ከክረምቱ ይጀምራል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስ ኮርስ የሚሰጥ አንድ ማዕከል ተከፍቶ፣ ከየወረዳው የተመረጡ ልጆች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ኤሌክትሮኒክስ በቤተ ሙከራ ሊማሩ መጡ። ፊዚክሱን የያዘችው አዜብ ናት። ሀንጋሪ ተምራ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ መመለሷንም ሙሉ ልቧ አልተቀበለውም። ቀን ስለ ኤሌክትሪክ ታስተምርና ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ እነዚህ ልጆች ነገ የሚመለሱት አምፖል ወደሌለበት ክፍል ከሆነ ይህ ሁሉ ለምኑ ነው እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች።

ፅዮን ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ የመጣች፣ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ባትሪና አምፖል ሲያዩ ሽቦ ሲሻሙ፣ እሷ እጇን ወደ ኋላዋ ታደርጋለች።

"ምነው? አትነኪውም?" አለቻት አዜብ በመጀመሪያው ሰሞን።

"ሳልገምት አልነካውም ቲቸር። ከነኩት በኋላማ ማንም ያውቀዋል።"

"እሽ፣ ገምቺ።"

"ሁለቱን አምፖል በአንድ መስመር ከቀጠልናቸው ሁለተኛው ይደክማል። ፊተኛው ይጠጣበታላ!"

ቀጠሉት። ሁለቱም እኩል በሩ። ልጆቹ ሲስቁባት እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን ለምን እንደተሳሳተች ሳይገባት ምሳ አልበላም ብላ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። አዜብ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መመለሴ ደግ ሳይሆን አይቀርም ብላ አሰበች። ሐሳቡ ግን አብሯት አላደረም።

ማዕከሉ ማደሪያ አልነበረውም። ልጆቹ በየዘመዳቸው ሲበተኑ ፅዮን ከተማ ውስጥ የሚያስጠጋት ስላልነበራት አዜብ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። ቤቱ ውስጥ ያሉት አጎቷ አያ ቢያዝንና ታናሽ ወንድሟ አስናቀው ናቸው። አያ ቢያዝን በዕርቅም በዳኝነትም ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ከአረንጓዴ ጃንጥላቸው አይለዩም። ፅዮን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጃንጥላቸውን እየያዘችላቸው ሰነበተች።

"ይህችን የመሰለች ሸጋ ልጅማ ከቤታችን አትወጣም!" አሉ አንድ እሑድ ምሳ ላይ። "ለአስናቀው ነው የማጫት፤ ብቻ ክረምቱ ይውጣ!"

"አያ፣ ኧረ ተዉ!" አለ አስናቀው ጉርሻው እያነቀው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ፅዮን ትሳቅ አትሳቅ አዜብ ልብ አላለችም።

ልብ ያላለችው ይህን ብቻ አይደለም። ኮርሱ ሊያልቅ ሲል ቤተ ሙከራውን አብረው እያጸዱ ፅዮን ስለ ታላቅ እህቷ ስለ ውቢት አጫወተቻት።

"እንደ እኔ አሥረኛ ነበረች። ጠዋት ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆሙ። አባቴ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢላቸው እንቢ አሉ። አፋቸውን ገና ሳይከፍቱ ውቢት ደብተሯን አጠፈች። ሽማግሌ ከቆመ አለቀ ቲቸር። የሚቀመጠው እሽ ሲባል ነው። በጥር ተዳረች።"

"አንቺን ግን አባትሽ እዚህ ድረስ ልከውሻል።"

"እኔ ቆመው ካየሁ አልጠብቅም" አለች፣ ሽቦውን እየጠቀለለች። ቀልድ ይመስል ነበር።

መስከረም ጠባ። የፅዮን ትምህርት ቤት ብቸኛው የፊዚክስ መምህር ስለለቀቀ ዘንድሮ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል እንደማይከፈት፣ አሥራ አንደኛ የሚገባ ሁሉ ማኅበራዊ ሳይንስ እንደሚመደብ ተነገረ። ማዕከሉ ደግሞ ጎበዞቹን ልጆች ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት በተፈጥሮ ሳይንስ ሊያስመዘግብላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ሙከራ ሊያስቀጥላቸው ተስማምቶ ነበር። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው አዜብ ለፅዮን አባት፣ ለአያ እንግዳው ደወለች። ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ልጅቱ ስላላት ጭንቅላት ሳትተነፍስ አወራች።

አያ እንግዳው እስክትጨርስ ታገሷት።

"መምህርት፣ ምነው እንዲህ አቃለልሽኝ? ልጄን በስልክ ጠይቀሽ እኔም በስልክ ልስጥሽ? ፍየል እንኳ በስልክ አይሸጥም" አሉና ዘጉት።

አያ ቢያዝን ይህን ሲሰሙ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። "ሀንጋሪ ይህን አያስተምሩም እንዴ? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው ልጄ! ሽማግሌ ነው የሚላከው።"

"ለፊዚክስ ሽማግሌ?"

"ለደም ይላካል፣ ለመሬት ይላካል፣ ለሚስት ይላካል። ፊዚክስ ከማን አንሶ!"

"እንግዲያው ለፅዮን ልደውልላት።"

"እንዳታደርጊው! አባትየው ልጄ ናት ያስላከችብኝ ካሉ ነገሩ በዚያው ይበላሻል። ለባለቤቱ እንጂ ለልጅ አይነገርም።"

አዜብ ተስማማች። የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነበር። አባትየው እንቢ ቢሉስ? በእጇ በሌለ ነገር ለልጅ ተስፋ መስጠት አስፈራት። እርግጠኛ ስሆን እነግራታለሁ አለች።

መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ማግስት፣ በማለዳ ተነሡ። ወለቃን ሲያልፉ ሴቶቹ ሸክላቸውን አስፋልቱ ዳር ይደረድሩ ነበር። የሚኒባሱ ሹፌር በየኩርባው ከወዲያ የሚመጡትን መኪኖች በዓይኑ ይፈልጋል፤ አንድ የጭነት መኪና ብቅ ሲል፣ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነውና፣ ተሳፋሪው ሁሉ እፎይ ይላል። ትክል ድንጋይ ላይ የፅዮን ቤተሰብ የነፍስ አባት መምሬ ኪዳነወልድና የአገሩ ሽማግሌ አያ ሰጠኝ ይጠብቋቸዋል፤ አያ ቢያዝን በሰው በሰው አስቀድመው አስይዘዋቸው ነበር።

"አንቺ እዚህ ቆይ" አሏት አጎቷ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ። "ላኪ ከተላኪ ጋር አይሄድም።"

ሦስቱ፣ አረንጓዴው ጃንጥላ መሐል ሆኖ፣ በጭቃው መንገድ ወረዱ። አዜብ መናኸሪያው ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ሻይ አዝዛ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የፅዮንን ቁጥር አወጣች። መልሳ አጠፋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አወጣችው። እንቢ ቢሉስ? ሻዩ ቀዘቀዘ። በመናኸሪያው ረዳቶች "ጎንደር! ጎንደር!" "ሳንጃ! ሳንጃ!" እያሉ ይጮኻሉ። አንዴ ቀና ስትል ሰማያዊ ቦርሳ ያዘለች ልጅ በሰዎች መሐል ያየች መሰላት፤ ወዲያው የገበያተኛ አህዮች መጥተው ጋረዷት። የመሰላትን ነገር ችላ አለችው።

ሽማግሎቹ ሲመለሱ አያ እንግዳው ራሳቸው እየሸኟቸው ነበር። አያ ቢያዝን ገና ከሩቅ ፈገግ ብለዋል።

"ቆመን ጉዳያችንን ስንናገር ፊታቸው ጠቆረ" አሉ፣ አጠገቧ እየደረሱ። "ለማን ነው አሉ። ለፊዚክስ ስላቸው መምሬን ሳቅ አመለጣቸው!"

"እኔም ጥሎሽ የሌለው፣ ሚዜ የሌለው፣ ይህ ምን ዓይነት አማች ነው አልሁ" አሉ አያ እንግዳው። እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው መምህርት። ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ። ግን እንደ ሰው ቆመው ጠየቁኝ፣ እሽ ብያለሁ። አደራዋ ያንቺ ነው።"

አዜብ አደራውን ለመቀበል አፏን ስትከፍት ነው የፅዮን እናት አበቡ እየሮጠች የደረሰችው።

"መምህርቷ አንቺ ነሽ? ልጄ አንቺ ጋ መጥታለች?"

"የለችም። ምነው?"

"ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዘገየችብኝ። ብወጣ ጀሪካኑን አጥር ሥር አገኘሁት። ሙሉ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከቤቱ ጀርባ ካለው ማድቤት ባየው የለም።"

አዜብ የራሷን ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰማችው።

"እትዬ አበቡ፣ ጀሪካኑ ከነበረበት ቦታ የቤታችሁ በር ይታያል?"

"ምነው አይታይ? ፊት ለፊት ነው።"

"በሩ ላይ የሚወራውስ ይሰማል?"

"ከዚያ ድረስ? ካልጮኹ በቀር አይሰማም።"

እንግዲያው አይታለች፤ አልሰማችም። ሦስት ሰዎች፣ የተጣፋ ጋቢ፣ ግቡ ሲባሉ የማይገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ የማይቀመጡ። ከመሐላቸው ያ ጃንጥላ። ክረምቱን ሙሉ በእጇ የያዘችውን ጃንጥላ ፅዮን ከየትም ብታየው አትስተውም።

"አያ" አለች አዜብ ወደ አጎቷ ዞራ፤ "በክረምቱ ምሳ ላይ ስለ አስናቀው ያሉት ትዝ ይልዎታል?"

የአያ ቢያዝን ፈገግታ ፊታቸው ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። "ቀልድ ነበር እኮ..."

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ አያ እንግዳው። ተሸማቅቃ አዜብ ነገረቻቸው። ሰውየው ሻይ ቤቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ልድራት ነው የመሰላት?" አሉ። "እኔ እኮ እሽ ያልሁት ውቢትን ላለመድገም ነው።"

አበቡ ግን አልተቀመጠችም። "ተነሡ እንጂ! ምነው ትቀመጣላችሁ?" ብላ ወደ መናኸሪያው ቀደመች።

አንዱ ረዳት አውቋታል። "ሰማያዊ ቦርሳ? አዎ፣ ወደ ሳንጃ ነው የሄደችው።"

"የጎንደሩ መኪና ሞልቶ ሄዶ ነው?" አለች አዜብ።

"ኧረ የጎንደሩ ነበር ፊት የቆመ! ግቢ እህቴ ብላት፣ ወደዚያስ አልሄድም አለችኝ። ሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ ልጆች ተሳፍረው ነበር፤ ከእነሱ ጋር ገባች።"

ወደዚያስ አልሄድም። አዜብ አሁን ገባት። ልጅቱ የሸሸችው አባቷን ብቻ አልነበረም፤ አጎቷን ሽማግሌ አድርጋ የላከችባትን መምህሯንም ነው። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቀና ባለች ጊዜ ስሟን ብትጣራ ኖሮ! ስልኩን አንስታ ያን ማለዳ አንዲት ቃል ብትናገር!

አያ እንግዳውና አያ ቢያዝን የሚቀጥለውን የሳንጃ መኪና ለመሳፈር ተጋፉ። ሹፌሩ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"አባቶች፣ ይቅርታ። አሁን ደውለውልኛል፤ ከፊት መንገዱ ተዘግቷል። ያለፈው አልፏል፤ የቀረ ቀርቷል።"

"የልጄ መኪና አልፏል?" አለች አበቡ።

"ይመስለኛል እናቴ።"

"ይመስለኛል ምን ማለት ነው?"

መምሬ ኪዳነወልድ መስቀላቸውን አውጥተው በመንገዱ አቅጣጫ ባረኩ። አያ ቢያዝን ጃንጥላቸውን የመናኸሪያው አጥር ላይ አስደግፈው እጃቸውን አጣመሩ፤ እንደገና ሊይዙት የፈለጉ አይመስልም።

አዜብ ደወለች። ስልኩ ጠራ። ከዚያ ተቋረጠ። እንደገና ስትደውል የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የሚለው ድምፅ መጣ። አባትየው "እኔ ላናግራት፣ የእኔን ቃል ካልሰማች አታምንም" እያሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ስልኩን ሰጠቻቸው፤ ያንኑ ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳምጠው መለሱላት።

የቀራት መልእክት መጻፍ ነው። ጀመረችና አጠፋች። ይቅርታ ብላ ጻፈች፤ ያንንም አጠፋችው፤ ይቅርታ ብቻውን የተጠረጠረውን ነገር እውነት ያስመስለዋል። አበቡ ትከሻዋ ላይ ቆማ ማንበብ ባትችልም ፊደሎቹን ታያለች።

"እናትሽ አላዘነችብሽም በይልኝ" አለች።

አዜብ እንዲህ ጻፈች፦

"ፅዮን፣ ሽማግሎቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ። ጎንደር ገብተሽ የተፈጥሮ ሳይንስ እንድትማሪ ለመጠየቅ ነው እንጂ ለአስናቀውም ለማንም አይደለም። አባትሽ እሽ ብለዋል፤ እዚህ አጠገቤ ናቸው። እናትሽ አላዘነችብሽም። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ያየሽው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ብሆን እንደ አንቺ እገምት ነበር። ግን ገመትሽ እንጂ አልነካሽውም። ነይና ንኪው። ቦታሽን ይዤልሻለሁ።"

ላከችው። ስልኩ ተልኳል አለ። ማምሻውን መኪና እስከ ጠፋ ድረስ ስድስቱም ከመናኸሪያው አልተነቃነቁም። በሳምንቱ መጨረሻ ምዝገባው ተዘጋ። መንገዱም ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ አባትየው ሳንጃም ወርደው፣ የሰሊጡን እርሻ ዞረው ባዷቸውን ተመልሰዋል። አዜብ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ሙከራውን ስትከፍት አስቀድማ ስልኳን ታያለች። ከዚያ ቁጥር መልስ አልመጣም።