ቀድሞ የታተመ ፎቶ

ኡስታዝ ጀውደት የሰደበኝ በፈረንጆቹ 1973፣ ከትልቁ ኢድ በኋላ በነበረው ሐሙስ፣ አቡ ዙህዲ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ዝናብ ስለነበር ግማሹ የስደተኛ ካምፓችን እዚያ ተጠልሏል፤ ሁሉም ሰምቷል።

ወሬው እንደ ወትሮው ታጣቂዎቻችን ውጭ አገር ስለሚያደርጉት ዘመቻ ነበር። የትኛው አውሮፕላን የት በረሃ ላይ እንዳረፈ፣ የትኛው ኤምባሲ እንደተያዘ፣ በየትኛው የአውሮፓ ከተማ ማን እንደሞተ ሽማግሌዎቹ እንደ ኳስ ጨዋታ ይተነትኑታል። እኔ፣ የቤት ለሳኙ፣ ደግሞ «የሚሞቱት እኮ ሻንጣ ይዘው የቆሙ መንገደኞች ናቸው፤ እነሱ ምን አደረጉን?» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ጀውደት ታጣቂዎቹን የሚልከው ድርጅት የካምፓችን ቢሮ ኃላፊ ነው፤ ኡስታዝ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ስለጨረሰ ነው። ሳሙና እንደተቀባ ወደኔ ዞረ። «አንተ ልስንህን ለስን! የኤርፖርት ሰሌዳ ማንበብ የማትችል ሰው ስለ ዓለም ምን ታውቃለህ? አላህ ጭንቅላቱን ለወንድምህ ሰጥቶ ላንተ የተረፈው ጭቃ መያዣ እጅ ነው።»

«ኡስታዝ አትወራጭ፣ ምላጩ አንገትህ ላይ ነው» አለ አቡ ዙህዲ። ቤቱ ሳቀ። የሳቁት በምላጩ አልነበረም።

እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት አባታችን ሲሞት ነው። ታናሼን ነቢህን ጀርመንኛ እስኪናገር ያስተማርኩትም በዚሁ ጭቃ መያዣ እጅ ነው። ጀውደት ይህን ያውቃል፤ ነቢህን የፈለገውም ለጀርመንኛው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ነቢህ «ኩዌት ሥራ አገኘሁ» ብሎ እናታችንን ስሞ ሄደ። አላመንኩትም። ፎቶ ቤቱ ጋ ሳልፍ ምስሉ በትልቁ ታትሞ አይቼዋለሁ፤ ከሥሩ ለስም የተተወ ባዶ ቦታ ነበረው። እኛ ጋ የሰማዕት ፎቶ ቀድሞ ነው የሚታተመው፤ ባለቤቱ ገና ዳቦውን እየበላ። ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ጠዋት ሬዲዮው ተናገረ። አውሮፓ፣ አንድ ኤርፖርት ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ መንገደኞች ሞተዋል፤ ታጣቂዎቹም ሁሉም ተገድለዋል። ስም አልጠራም። ቢሮው ስም እስኪጠራ አልጠበቀም፤ ሦስት ሰው ልኳል፣ ሦስት ፎቶ አትሟል። ከምሳ በፊት ነቢህ በየግድግዳው ላይ ነበር።

ሴቶች ቤታችንን ሞሉት። ጀውደት ባቅላዋ፣ የማር ጣፋጩን፣ በትሪ አስይዞ መጣና እናቴን በኔ ስም ጠራት። «ኡም ሹክሪ፣ የጀግና እናት! እንኳን ደስ ያለሽ፤ እልል በዪ እንጂ!»

እናቴ አፏን በሻርፗ አፈነች። ምግብም አልቀመሰችም።

በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፤ የት ልሂድ? ከተማ ውስጥ የመዳም ዣኔትን ሳሎን እለስን ነበር። ነቢህ ድሮ ልጆቿን ያስጠና ነበር።

«ሹክሪ፣ ስልክ። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» አለችኝ።

አልታጠብኩም።

«እኔ ነኝ» አለ ነቢህ።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ልስኑ ገና እርጥብ ነበር።

«አንተ ውሻ! እናትህን ገደልካት እኮ!»

«ሹኩ፣ ስማኝ፣ ስልኩ ሊቋረጥብኝ ነው። አልነበርኩበትም። ቀድመን ቦታውን ልናይ ገብተን ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ በገመድ የታሰረ ካርቶን ተሸክሞ መጣና ‹ልጄ፣ ማንበብ አልችልም፣ የኔ በር የቱ ነው?› አለኝ። አንተን መሰለኝ። ካርቶኑን ይዤ ሸኘሁት። ከዚያ ወደነሱ አልተመለስኩም፣ ባቡር ተሳፈርኩ። ለፖሊስም ደወልኩ፤ የምቀልድ መሰላቸው።»

«ሰው አልነካህም?»

«ወላሂ ማንንም አልነካሁም። ግን መደወሌን ጀውደት ከሰማ ያስገድለኛል። ሞቷል በሉ።»

ስልኩን ስዘጋ ሳቄ መጣ። መዳም ዣኔት ያበድኩ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። የሞቱት መንገደኞች ከሐሳቤ አልወጡም፤ ወንድሜ ግን አለ፣ እጁም ንጹሕ ነው።

ቤት ስደርስ ሴቶቹ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ጀውደትም ከሰዎቹና ከአቡ ዙህዲ ጋር በሩ ጋ ቆሟል። ሄጄ እናቴ እግር ሥር ተንበረከክሁና ጆሮዋ ላይ «አለ። ደወለልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀና ብላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ መስኮቱ ነዘረ። ሴቶቹ ተከተሏት።

«ይኸው! እናት ማለት እንዲህ ናት!» አለ ጀውደት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ወዲያው ወደኔ ዞረ። «አንተስ? ወንድምህ ሞቶ አንዲት ዘለላ እንባ ታጣለህ? ፊትህ እንደ ሙሽራ እያበራ! ድሮም ትቀናበት ነበር፤ ተገላገልክ አይደል?»

ሰው ሁሉ አየኝ። አቡ ዙህዲ አንገቱን ደፋ። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ያን ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዋርደው ነበር። ዞር ስል እናቴ ከዚያ ዜና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቅላዋ አንሥታ፣ እየቆረሰች ትበላለች።

እኔም ከትሪው አንድ አነሣሁና ወጣሁ።