ሁለት ጣት ምርቃት

ነገራ ሌባ አልነበረም። ሌላው ነገር ሁሉ ይቆየንና ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። የሰው ዶሮ ጓሮው ገብታ ብትጥል እንቁላሉን ከነሙቀቱ ለባለቤቷ የሚያደርስ ሰው ነበር። ጉለሌ ይመስክር! እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው፣ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጠራራ ሰኞ፣ «መቶ ሰማንያ ሊትር ቤንዚን የት አደረስክ?» ተብሎ የተያዘው።

ወደ ጎጃም በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የጣሊያን ጦር የቤንዚን ማደያ ተክሎ ነበር። ቤንዚኑ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ በርሜል ይቀመጣል። ከላዩ ቀይ የብረት ምሰሶ ቆሟል፤ ምሰሶው አናት ላይ እያንዳንዳቸው ልክ አምስት ሊትር የሚይዙ ሁለት ብርጭቆዎች አሉ። የማደያው ቀጂ ነገራ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ሲገፋ አንደኛው ይሞላል፤ ያኔ መዘውሩን ያዞርና የሞላው በጎማ ቱቦ ወደ መኪናው ይወርዳል፣ ባዶው ደግሞ በተራው መሙላት ይጀምራል። አንድ ብርጭቆ አፉ ድረስ በሞላ ቁጥር ቆጣሪው ቀጭ ይላል። የሊትሩ ዋጋ በሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ የጦሩ መኪና በወረቀት ይቀዳል፣ ነጋዴው ደግሞ ብርጭቆውን በዓይኑ ቆጥሮ ሊሬውን ይከፍላል። ክርክር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።

ያን ሰኞ ግን ጓንቱን የማያወልቅ፣ ለወትሮው ቅዳሜ ብቻ ብቅ የሚል አንድ ቀጭን የጣሊያን መቶ አለቃ መጣ። ምልክት የተቀረጸበት ረጅም ዘንግ ወደ በርሜሉ ሰደደ፣ አወጣ፣ እርጥበቱ የደረሰበትን አየ። ከቆጣሪው ጋር አስተያየ። ደግሞ ሰደደ። ከዚያ በአስተርጓሚው በጋሼ መሸሻ በኩል ተናገረ።

«በአርባ ቀን ውስጥ መቶ ሰማንያ ሊትር ጎድሏል። ለሽፍቶች ነው የሰጠኸው ይላል» አለ መሸሻ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ጠብታ አልሰጠሁም!»

«እስከ ሐሙስ ቀትር የወሰዱትን ሰዎች ስም ታመጣለህ። አለዚያ...» መሸሻ ቃሉን አልጨረሰውም። መቶ አለቃው ቀና ብሎ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ አየ። ካለፈው የካቲት ወዲህ ይህን የሚያስተረጉም ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ነገራ ምን ይዋጠው! በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ምድሩን አሸተተ፤ ቱቦውን በጣቱ ዳበሰ። የሚያፈስ የለም። የማደያው ቁልፍም ያለው እሱ አንገት ላይ ነው። እንግዲህ ወይ ሰይጣን ጠጥቶታል፣ ወይ እሱ አብዷል። ሌላ ሦስተኛ ነገር ሊታየው አልቻለም።

ማክሰኞ ሸፊ መጣ። ሸፊ ወደ ፍቼ ዱቄት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከሩቅ ሳቁ ከሞተሩ ቀድሞ ይሰማል። መሸሻ «ጠብቀው» ተብሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ነገራ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ እጁ ብቻ ይሠራል፤ አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሃያ ሊትር። ሸፊ ሊሬውን ቆጥሮ ሰጠና እንደ ልማዱ፣ «ምርቃቱስ?» አለ።

የነገራ እጅ እጀታውን ሁለቴ ገፋ አደረገች። ባዶው ብርጭቆ ታች ሁለት ጣት ያህል ሲይዝ መዘውሩን አዞረና ያችን ወደ መኪናው ለቀቃት። ቆጣሪው ዝም። ሸፊ «ወላሂ፣ አንተ የጀነት ነህ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

«አንተ ሰውዬ» አለ መሸሻ ከበርጩማው ተነሥቶ፣ «አሁን ምንድነው ያደረግከው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ያቺ መጨረሻ ላይ የለቀቅካት!»

«ምርቃት ናታ! ሰው ሃያ ሊትር ገዝቶ ያለ ምርቃት ይሄዳል እንዴ?»

ይህን ተናግሮ አፉን ሳይዘጋ ገባው። ምሰሶውን ተደገፈ። እናቱ ሾዴ ቀጨኔ ሰፈር ውስጥ የኑግ ዘይት ስትሸጥ ነው ያደገው። ስፍሩን ሞልታ ከገለበጠች በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ትጨምራለች። «ልክ ልኩን የሚሰጥ ንፉግ ብቻ ነው፤ ምርቃት የሌለው ዘይት ወጥ አያጣፍጥም» ትል ነበር። እሱም እጁ የለመደውን ሠራ። ማሽን ይሁን እንስራ፣ ዘይት ይሁን ቤንዚን፣ እጅ ምን ያውቃል? የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አይደል የሚባለው! በመኪና ግማሽ ሊትር፣ በቀን ዘጠኝ መኪና፣ አርባ ቀን። መሸሻ በጣቱ ደመረው። መቶ ሰማንያ። አንዲት ጠብታ አልተሳሳተም።

«ተመስገን! ይህንኑ ይንገሩልኝ፣ ጋሼ!»

«ተመስገን? ቂል!» አለ መሸሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው ‘ለማን ለማን ሰጠህ?’ ነው። የጦር ቤንዚን የተቀበለ ሁሉ ሌባ ነው። አሁን የሄደውን ሸፊን አስበው። መኪናውን ይወርሱታል፣ እሱንም...» መሸሻም እንደ መቶ አለቃው ወደ ዛፉ አየ።

ረቡዕ ቀትር ሚስቱ ቡርቱካን ምሳውን ይዛ መጣች። ሲነግራት ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ስማቸውን ስጥና ና» አለችው።

«ቡርቱካን!»

«ምን ቡርቱካን ትለኛለህ? ሸፊ ምንህ ነው? ወንድምህ ነው? እሱ እየሳቀ ይሄዳል፣ እኔ ከዚህ ዛፍ ሥር ሬሳ ልለምን? እምቢ! እኔ ጥቁር አልለብስም!»

«ምርቃት የሰጠሁትን ሰው አንገቱን ይዤ ልቀበለው? እናቴ በመቃብሯ አትተኛም።»

«እናትህማ ተኝታለች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። እውነቷን ነበር። እሱም መሞት ፈርቷል። ምሳውን ሳይነካው መለሰላት።

ሐሙስ መቶ አለቃው ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ገመድም ይዘዋል። ነገራ ሌላ መውጫ ስላጣ ሁሉንም አሳየ፤ ብርጭቆውን ሞላ፣ ለቀቀ፣ ከዚያ ሁለት ጣቷን ቀዳ። መሸሻ የገበያውን ልማድ፣ የሾዴን ዘይት፣ ሁሉንም አስረዳ። መቶ አለቃው ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። ገብቶታል። የገባው ሰው የባሰ ነው።

«እሺ፣ ሌባ አይደለህም። ሞኝ ነህ። የተቀበሉት ግን ሌቦች ናቸው። ስማቸውን» አለ። ጸሐፊ ወታደሩ እርሳሱን አሾለ።

ነገራ መንገዱን አየ። የሸፊ መኪና ጎማ የረገጠው ጭቃ ገና አልደረቀም። ከባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ የመቶ አለቃው አረንጓዴ መኪና ቆማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነገራ ራሱ የሚሞላት። ምርቃት ሰው አይመርጥም።

«የሌላውን ስም አላውቅም። ሁሌ የሚመጣ አንድ ሰው ግን አውቃለሁ» አለ።

«ማን?»

«እርስዎ ነዎት።»

መሸሻ ወደ ነገራ ዞረ። «ነገራ፣ ይህንን ልተርጉመው?»

«ይተርጉሙት፣ ጋሼ። በየቅዳሜው ለዚያች መኪና ሁለት ጣት ሰጥቻለሁ። ሲጽፉ ከእሳቸው ይጀምሩ።»

መሸሻ ተረጎመው። ጸሐፊው እርሳሱን ወረቀቱ ላይ እንዳስነካ ቀረ፤ መጻፍም ማንሳትም ጨነቀው። ሌላኛው ወታደር ሳቅ አምልጦት ወደ ሳል ለወጠው። የመቶ አለቃው ፊት ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። ወረቀቱን ነጥቆ በራሱ እጅ ጻፈ፤ መሸሻ ከጎን ሆኖ አነበበው። መቶ ሰማንያ ሊትሩ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ጠፋ፣ ይላል።

ገመዱን መልሰው ጫኑት። ለምላሱ ግን መቶ አለቃው ሠላሳ ጅራፍ ፈረደበትና እዚያው ምሰሶው ላይ አስረው ገረፉት። ሥራውንም አልነሱትም፤ እንደሱ መዘውሩን የሚያውቅ ሰው አልነበራቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አማርኛ አጥርቶ የሚሰማ አንድ ባንዳ ጠብመንጃውን ይዞ አጠገቡ ተተከለ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ከአምስት ሊትሩ መስመር አንዲት ጠብታ ያለፈች እንደሆነ፣ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ላይ ይሰቀላሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሸፊ ከፍቼ ተመለሰ። የሆነውን ሁሉ አልሰማም፤ ማን ይነግረዋል? ሳቁ እንደ ዱሮው ከሞተሩ ቀድሞ ደረሰ። ነገራ አራት ብርጭቆ ቀዳለት። እጀታውን በገፋ ቁጥር ጀርባው ላይ ሸሚዙ ከቁስሉ ጋር እየተጣበቀ ይላቀቃል።

«ምርቃቱስ?» አለ ሸፊ ሊሬውን እየሰጠው።

የነገራ እጅ ወደ እጀታው ሄደች። እሱም ገታት። ባንዳው ቀና አለ።

«የለም» አለ ነገራ።

«ምን ማለት ነው የለም? እኔ ሸፊ ነኝ እኮ!»

«አምስት አምስት ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነው። ሂድ።»

ሸፊ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ከዚያ ባንዳውን አየ፣ ነገራን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። ነገራ አፉ ድረስ የመጣውን ቃል በጥርሱ ያዘው። ሆድ ይፍጀው።

«እንዲህ ነው ለካ!» አለ ሸፊ መኪናው ላይ እየወጣ። «ዘብ ሲያቆሙልህ ጊዜ አንተም ጣሊያን ሆንክና አረፍከው! የሾዴ ልጅ! እንኳን ይህን ሳታይ ሞተች።»

ሄደ። ነገራ ከቱቦው አፍ ላይ የተንጠለጠለችውን የመጨረሻዋን ጠብታ በጨርቅ ጠርጎ ቱቦውን ሰቀለው። ቀጣዩ መኪና ጡሩምባውን ነፋ።