ለብቻ የቀረበ ሳህን

ሸፊቃ ለአረፋ በዓል አገር ቤት ሄዳ ከተመለሰች ወዲህ የቀመሰችው ሁሉ እሬት እሬት ይላታል። ፒያሳ ባለው የጨርቅ ሱቋ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ፣ ደንበኛ ዋጋ ሲጠይቃት እንኳ ድምፁ ጭንቅላቷን እንደ መዶሻ ይመታታል። ማታ ማታ ትኩሳቱ ይነሳባታል። ከሁሉም በላይ ግን ያልለቀቃት የነጂባ ነገር ነው።

ነጂባ የባሏ የሱፊያን እህት ናት፤ አገር ቤት የአባታቸውን ግቢና እንሰት ይዛ የቀረች። ዘንድሮ ሱፊያን ድርሻውን እንደሚፈልግ ሲያነሳ እህትየዋ ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱ ታዲያ ለሁሉም ክትፎ በአንድ ገበታ ሲቀርብ፣ የሸፊቃ ብቻ በሳህን ተለይቶ መጣ። ያኔ በልታ ተነሳች። አሁን ነው የሚከነክናት።

በጎን ኬክ ቤት ያላት የሺዓለም መጥታ አየቻት።

"አንቺ፣ ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል!"

ሸፊቃ ስለ ሳህኑ ነገረቻት። የሺዓለም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለብቻ የቀረበ ነገር ያለምክንያት አይቀርብም። እኔ ብሆን ስልኳንም አላነሳ።"

ነጂባ ደወለች፤ ሸፊቃ አላነሳችም። ደጋግማ ስትደውል ቁጥሩን ዘጋችው። "መሞቴን ልታጣራ ነው" አለች ለራሷ።

ሱፊያን ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። "ጥሬ ሥጋ አትበላም፣ አብስይላት ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ!"

ነገሩን ለማብረድ ነበር፤ ግን ባሰበት። "እንግዲያው አንተም አብረሃት ነህ" ብላ አሰበች። ከዚያ ወዲያ ሱፊያን የሚያቀርብላትን ሾርባ፣ እሱ ቀድሞ ካልቀመሰው አትነካውም። ሰፈር ያለው ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ የሰጣትን ኪኒን ብትውጥም ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ዳሰሰች። እግሯን ስታገላብጥ ደግሞ ከጉልበቷ በስተጀርባ፣ ሲጋራ የተተረኮሰበት የመሰለ ጥቁር ቁስል አየች። ዙሪያው ቀልቷል፤ ግን አያማትም። ማን፣ መቼ አቃጠላት? ጩኸቷን ሰምቶ የሮጠው ሱፊያን ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ሐኪም ይዟት ሄደ።

ዶክተር ሚናስ ደሟን አስመረመረ፤ ወባ የለባትም። ቁስሉን አየና ቀና አለ። "በቅርቡ ገጠር ሄደው ነበር?"

ሸፊቃ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ነገርከው?"

"ማንም አልነገረኝም" አለ ሐኪሙ። "ቁስሉ ነው የነገረኝ። ከብት የሚውልበት ሣር ውስጥ ገብተው ነበር?"

ገብታለች። ከነጂባ ጋር በነጠላ ጫማ መስኩን አቋርጠው፣ ላሞቹ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ነበር የዋሉት።

"መዥገር ነክሶዎታል። ሲነክስ አያምም፤ ደሙን ጠጥቶ ይወድቃል። በሽታውን ግን ትቶ ይሄዳል።" ዶክሲሳይክሊን የሚባል ኪኒን አዘዘላት። "ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ካልበረደ ተመልሰው ይምጡ። ሌላ ጊዜ ሣር ውስጥ ሲገቡ ረጅም ካልሲ ያድርጉ። ሲመለሱ ብብትዎን፣ ብሽሽትዎን፣ ፀጉርዎን ይፈትሹ። ተጣብቆ ካገኙት በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ ብለው ይያዙና ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ቅቤ መቀባት፣ እሳት ማስጠጋት፣ በጣት ማፍረጥ አያስፈልግም።"

ከዚያ ጠየቃት፤ "አብሮዎት ሣሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደህና ነው?"

ሸፊቃ የዘጋችውን ቁጥር ከፍታ ደወለች። ያነሳችው የነጂባ ልጅ ኡሙሀኒ ናት።

"እትዬ፣ እናቴ ታማለች። ስንደውል፣ ስንደውል..."

"ስጪኝ እሷን።"

"አታናግርዎትም።"

"ለምን?"

"ለአረፋ ያመጡልን ጣፋጭ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር ትላለች። መሬቱን ፈልገው ነው ትላለች።"

የሸፊቃ ፊት በንዴት ጋለ። እሷ! ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማ የወሰደችውን! አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል፣ እሷም ስለ ሳህኑ ያለችው ትዝ አላት። ሱፊያን ትኩር ብሎ ያያታል።

"እሺ፣ እኔን ባታምነኝም ግድ የለም" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ግን ገላዋን እዪልኝ። ጥቁር ቁስል ፈልጊ።"

ኡሙሀኒ ቆይታ ተመለሰች። "ብብቷ ሥር አለ።"

ሱፊያን ዕለቱን አገር ቤት ሄደ። ደርሶ ሲያያት ነጂባ ትቃዣለች፤ ያጎረሷትን ታስመልሳለች። ተሸክመው ሆስፒታል አስገቧት። እዚያም ነርሷ መድኃኒቱን ከፊት ለፊቷ ካልከፈተች አልውጥም ብላ አስቸገረች። በኋላ ግን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሸፊቃም ፒያሳ ሆና እህል መቅመስ ጀመረች።

ከሆስፒታል ስትወጣ ነጂባ ራሷ ደወለች።

"ሱፊያን ነገረኝ፤ እውነት መርዝ አበላችኝ ብለሽ ነበር?"

ሸፊቃ ልትክድ ፈለገች። "ትኩሳቱ ነው ያናገረኝ" አለች።

"እኔንም ትኩሳቱ ነው" አለች ነጂባ።

አንዷም ሌላዋ ያመነቻት አልመሰላትም።

"ላሞቹን መድኃኒት አስረጭቻቸዋለሁ" አለች ነጂባ በመጨረሻ። "ስትመጪ ግን ካልሲ አድርጊ።"