የስፔናዊው ወንድም

ዙለይኻ አቃቂ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ታናሽ ወንድሟን ደርዊሽን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደውት በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያዘዟትን ትሠራለች፤ ደስታም ሐዘንም አይሰማትም።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ፀሐዩ ሞስኮ የታተመ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የአንድ ስፔናዊ ገጣሚ ሥራ ነው።

“ቅዳሜ የኩባ ሐኪሞችን በፋብሪካው አዳራሽ እንቀበላለን። ይቺን ግጥም ወደ አማርኛ መልሺና አንቺው ታነቢያለሽ። ሰውየው ለሰፊው ሕዝብ የተሰዋ ታጋይ ነው” አላት።

“እሺ” አለችው።

ግጥሙ ውስጥ አንድ ሰው ከካምፕ ካምፕ እየዞረ “ወንድሜን የት አስተኛችሁት?” ይላል፤ የሚመልስለት የለም። ዙለይኻ የተማሪ ፈተና የምታርም ይመስል ተርጉማ ጨረሰችው።

ፀሐዩ አንብቦ ፊቱን ቋጠረ።

“ይሄማ ልቅሶ ነው። ‘ወንድሜን’ የሚለውን ‘ጓዴን’ በይው። መጨረሻው ላይ ‘ደምህን እንመልሳለን’ የሚል ጨምሪበት።”

“ሰውየው እንዲህ አላለም።”

“ዛሬ ቢኖር ይል ነበር።”

ጨመረችበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ እንደታዘዘችው አነበበች፤ ሠራተኛው አጨበጨበ። ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሽበታም ሐኪም ግጥሙ ሲተረጎምለት ሰምቶ ተነሣና በአስተርጓሚ ተናገረ።

“አባቴ የዚህ ገጣሚ አገር ሰው ነበር፤ ግጥሙን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። በቀል የሚባል ነገር የለበትም። ‘ወንድሜ’ ነው ያለው። እኛ ኩባዎች የኛ ታጋይ ነው እንላለን። እዚያው አገሩ ቄሶቹ የኛ ምእመን ነበር ይላሉ። ማን እንደ ገደለው እንኳ አልተስማሙም። እህቱ ግን ‘የማንም ይሁን፣ ብቻ ሬሳውን ስጡኝ’ ትል ነበር።”

ፀሐዩ አስተርጓሚውን በዓይኑ ጠቀሰው፤ አስተርጓሚው መተርጎሙን አቆመ። ዙለይኻ ከመድረኩ ሳትወርድ ሐኪሙን በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

“ሰጧት?”

“አልሰጧትም። ‘ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም’ እንዳለች ሞተች” አላት።

ውጭ ሲወጡ ፀሐዩ ክንዷን ያዛት። “ምንድን ነው የጠየቅሽው?”

“ስለ እህቱ ነው” አለችና ጥላው ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ፋጡ እህል እየለቀመች ነበር። ዙለይኻ አጠገቧ ተቀመጠች።

“እማ፣ ለደርዊሽ ሶላተል ጋኢብ እናሰግድለት።”

የፋጡ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ሶላተል ጋኢብ ሬሳው በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገድ ሶላት ነው።

“ሞቷል ያለሽ ሰው አለ?”

“የለም። መጥቶ የሚነግረንም አይኖርም።”

ፋጡ ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ “ሼህ ኸሚስን ጥሪያቸው” አለች።

ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ስለነበር በሩን ዘግተው ሰገዱ። ሼሁ ፊት፣ ሁለት ጎረቤቶች ከኋላቸው፣ እናትና ልጅ ከሁሉም ኋላ ቆሙ። ሲያበቃ ፋጡ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ዙለይኻ እናቷን ደግፋ የራሷን እንባ ጠበቀች። አልመጣም። ሼህ ኸሚስ ጫማቸውን እያጠለቁ “አላህ ይዘንለት” አሏት።

“አሚን” አለች።